ምድር ስትንቀጠቀጥ ሰጋጅ ምን ያድርግ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2018 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተቀረጸች አንዲት አጭር ቪዲዮ አብዛኞቻችሁ ሳታዩ አልቀራችሁም። በባሊ ደሴት በምትገኝ ትንሽ መስገጃ ውስጥ ኢማሙ እያሰገዱ ሳለ መሬቱ ይናጣል። ከኋላ ካሉት ሰጋጆች ጥቂቶቹ ሲሮጡ ኢማሙ አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መቅራታቸውን ይቀጥላሉ። ቪዲዮዋ በየዋትሳፕ ግሩፑ ዞራ ዞራ እኛም ጋ ደርሳለች። «ኢማን ማለት ይህ ነው» የሚል ጽሑፍ ታጅባ አሁንም ድረስ በየጊዜው ትመለሳለች።

የዚያ ምሽት መንቀጥቀጥ የተነሳው ግን ከባሕሩ ማዶ ካለችው የሎምቦክ ደሴት ነበር፤ መጠኑም 6.9 ነበር። በሎምቦክ ሰሜናዊ ክፍል ሰዎች ለምሽት ሶላት በቆሙበት አንድ መስጂድ ጣሪያው በሰጋጆቹ ላይ ወረደ፤ ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት ያልወጡ ነበሩ። የእነሱ ቪዲዮ ወደ ስልካችን አልመጣም። ሁለቱም ሰልፎች የቆሙት ለአንድ ጌታ ነው። የባሊዎቹ ኢማን ከሎምቦኮቹ ስለበለጠ አይደለም የዳኑት። ከመነሻው ራቅ ስላሉ፣ ሕንፃቸውም ስለቻለው፣ ከሁሉ በላይ አጀላቸው ስላልደረሰ ነው። የኢማሙ ኒያ በእርሳቸውና በጌታቸው መካከል ያለ ነገር ስለሆነ እኔ ምንም አልልም። የሚያሳስበኝ እኛ ከቪዲዮዋ የወሰድነው ትምህርት ነው።

ያ ትምህርት ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል በማርች 28 ቀን 2025 ማይንማር ውስጥ ታይቷል። ቀኑ ጁሙዓ ነበር፤ የረመዳን የመጨረሻው ጁሙዓ። በአገሩ ሰዓት ከቀኑ 12:50፣ እኛ በለመድነው አቆጣጠር ከቀኑ 6:50 ላይ፣ መጠኑ 7.7 የሆነ መንቀጥቀጥ ማንደሌይና ሳጋይንግ የተባሉትን ከተሞች መታ። ሰዉ ለጁሙዓ በየመስጂዱ ተሰብስቦ ነበር። በርካታ መስጂዶች ወደቁ፤ በውስጣቸው የሞቱት ሙስሊሞች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ብዙዎቹ መስጂዶች ያረጁ የጡብ ሕንፃዎች ሲሆኑ፣ ለማደስ ፈቃድ ማግኘትም ለዓመታት ሲያስቸግራቸው ኖሯል። አላህ ይማራቸው፣ ከሸሂዶችም ይመድባቸው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛ ሲያትልና አካባቢዋ የምንኖር ሰዎች በየጁሙዓው በአንድ አዳራሽ ትከሻ ለትከሻ እንቆማለን። ከከተማዋ ሥር የምድር ስንጥቅ ያልፋል። ከባሕሩ ዳርቻ ወዲያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1700 መጠኑ 9 አካባቢ የሆነ መንቀጥቀጥ ያስነሳው ትልቁ የካስኬዲያ ስንጥቅ አለ። ከአባቶቻችን መካከል ቀደም ብለው የመጡት እ.ኤ.አ. የፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001ን የኒስኳሊ መንቀጥቀጥ ያስታውሱታል። መጠኑ 6.8 ነበር። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 10:54 ስለነበር መስጂድ ውስጥ ብዙ ሰው አልነበረም። የሚቀጥለው ረቡዕ ይሆናል ብሎ ዋስትና የሰጠን የለም። ኢማሙ ሚንበር ላይ ሳሉ ወይም ሰልፉ ሁሉ ሱጁድ ወርዶ ሳለ ቢመጣ ምን እናደርጋለን? ይህን በጀመዓ ተነጋግረንበት አናውቅም።

እኔ በሙያዬ ሲቪል ኢንጂነር ነኝ፤ ዓሊም አይደለሁም። ስለ ዲኑ የምጽፈው ከታወቁት የዑለማዎች ንግግር ያገኘሁትንና ዑስታዞችን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው። ስለ ሕንፃውና ስለ መንቀጥቀጡ የምለው ግን የእንጀራዬ ጉዳይ ነው።

አጀል ከደረሰ ጠረጴዛ ምን ይሠራል?

አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ስለዚህ ነገር ለጥቂት ሰዎች ሳወራ አንድ አባት እስክጨርስ በጸጥታ አዳመጡኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ያልከው ሁሉ ጥሩ ነው። ግን አጀል ከደረሰ ጠረጴዛ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«ሐጂ፣ መኪና ሲነዱ ቀበቶ ያስራሉ?» አልኳቸው።

«እሱማ ፖሊሱ ይቀጣኛላ!» ብለው ሳቁ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ጥያቄያቸው ግን የሚሳቅበት አይደለም። ብዙዎቻችን በሆዳችን የያዝነው ጥያቄ ስለሆነ ቁም ነገር ያለው መልስ ይገባዋል። ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ፈትቶ ለቆ ይመካ ብሎ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) የጠየቀውን ሰውዬ ሁላችንም እናውቃለን፤ አስረህ ተመካ ነው የተባለው። ተወኩል ሰበብን አድርሶ ልብን ለአላህ መስጠት ነው። ሰበቡን ትቶ አላህን መጠበቅ በሌላ ስም የሚጠራ ነገር ነው።

ከዚህ ይበልጥ ለሐጂ ጥያቄ የሚቀርበው የዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የምትባል ቦታ እንደደረሱ በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሰዎችን አማክረው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ)፣ ያ ታላቅ ሶሐባ፣ ከአላህ ቀደር ሊሸሹ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዑመር የሰጡት መልስ ፍሬ ነገሩ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የምንሄደው የሚል ነበር። ምሳሌም ሰጧቸው፤ ግመሎች ያሉት ሰው አንደኛው ወገኑ ለምለም ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ቢያገኝ፣ ለምለሙ ላይ ቢያሰማራም በአላህ ቀደር ነው፣ ደረቁ ላይ ቢያሰማራም በአላህ ቀደር ነው። ታዲያ ለምለሙን የሚተው እረኛ ማን ነው? ጠረጴዛውም እንደዚያው በቀደር ውስጥ ያለ ነው። ከሥሩ መግባቱም፣ አለመግባቱም።

ቤትን በሚመለከትም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በዝርዝር ያስጠነቀቁባቸው ነገሮች አሉ። ዙሪያው መከለያ በሌለው ጣሪያ ላይ መተኛትን አጥብቀው ከልክለዋል። በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ በተቃጠለ ጊዜ፣ ሰዎች ሲተኙ እሳታቸውን እንዲያጠፉ አዘዋል። ከጣሪያ መውደቅም በእሳት መቃጠልም ከቀደር የማይወጡ ሲሆኑ ማለት ነው።

በየአደጋው ከምንሰማው ሌላ ንግግር ላይም አንድ ነገር ልበል። «እነዚያ ሰዎች ምን ቢያጠፉ ነው?» ይባላል። ሕንፃ ወድቆበት የሞተን ሙስሊም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሸሂዶች ቆጥረውታል። ሳጋይንግ ላይ ጾመው ለጁሙዓ የተቀመጡ ሰዎችን በወንጀል የሚጠረጥር ሰው ይህን ሐዲስ ቢያስታውስ ጥሩ ነው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ወደ አላህ መመለስ፣ ተውባና ኢስቲግፋር ማብዛት ተገቢ ነው። ተውባው ግን የራሳችን ይሁን፤ የሰው ወንጀል ቆጠራ አይሁን።

ሶላት ላይ እያለን

ብዙ ሰው የሚፈራው ሶላቱን ማቋረጡን ነው። ሱረቱ ኒሳእ ውስጥ ስለ ፍርሃት ሶላት የወረደውን አንቀጽ አስቡት። ጠላት ፊት ለፊት ቆሞ እያለ ሶላቱ አልቀረም። ነገር ግን ከፊሉ ሲሰግድ ከፊሉ እንዲጠብቅ፣ የሚሰግደውም መሣሪያውን እንደያዘ እንዲሰግድ ታዘዘ፤ ጥንቃቄያችሁን ያዙ የሚለው ትእዛዝ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ጥንቃቄው ሶላቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የፊቅህ ሊቃውንትም ሰጋጅ ሰው ዓይነ ስውር ጉድጓድ ሊገባ ሲል ቢያይ፣ ወይም ሰው ሲሰምጥ ወይም እሳት ሲይዘው ቢያይ፣ ፈርድ ሶላት ላይ እንኳ ቢሆን አቋርጦ እንዲያድን አስተምረዋል። ሶላት ቀዷ ይወጣለታል፤ ነፍስ አይወጣላትም። የተቋረጠው ጁሙዓ ከሆነ እንደገና ይሰገዳል ወይስ ዙህር ይሰገዳል የሚለውን ዝርዝር ለዑስታዞቻችን ትቼዋለሁ፤ ቀድመን ብንጠይቃቸው ግን ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ማቋረጥ ማለት መሮጥ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው።

መሬት በኃይል ሲናወጥ ሰው መራመድ አይችልም፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይወድቃል። እዚህ አሜሪካ በሕንፃ ደንብ በተሠራ ቤት ውስጥ ሰው በአብዛኛው የሚጎዳው ሕንፃው ፈርሶበት ሳይሆን፣ ሲሮጥ ወድቆ ወይም መደርደሪያ፣ መስታወትና የጣሪያ መብራት ወድቆበት ነው። ስለዚህ ሕጉ ሦስት ነው፤ ዝቅ በል፣ ራስህን ሸፍን፣ ያዝ። ጠረጴዛ ካለ ከሥሩ ገብቶ እግሩን አጥብቆ መያዝ፣ ጠረጴዛው ሲንቀሳቀስ አብሮ መንቀሳቀስ። መስጂድ ውስጥ ጠረጴዛ የለም። ስለዚህ ያለንበት ቦታ በጉልበታችን ተንበርክከን፣ ጎንበስ ብለን፣ በሁለት እጃችን ማጅራታችንንና ጭንቅላታችንን እንሸፍናለን። ልብ ብላችሁ ከሆነ ሱጁድን በጣም የሚቀርብ አቀማመጥ ነው፤ ልዩነቱ እጆቹ ከምንጣፉ ተነስተው ማጅራት ላይ መሆናቸው ነው። ሱጁድ ላይ ያለ ሰው መነሳት አያስፈልገውም፤ እጁን ማንሳት ብቻ ይበቃዋል። የቆመ ሰው ደግሞ ባለበት ይወርዳል።

ችግሩ ከሰልፉ አንድ ሰው ተነስቶ የሮጠ እንደሆነ ነው። ሦስት መቶ ሰው በተቀመጠበት አንዱ ሲሮጥ አሥሩ ይከተሉታል፤ አሥሩ ደግሞ ጎንበስ ባሉት ላይ ይረማመዳሉ። ሁሉም የሚሮጠው ወደ አንድ በር ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ የጫማ ክምር። ጫማ መደርደሪያው ራሱ ከግድግዳው ጋር አልታሰረም። የሚወድቀው በሩ ላይ ነው። ከመደርደሪያው የተረፈው ጫማ ደግሞ መተላለፊያው ላይ ተበትኗል።

የሴቶች ክፍልን ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። በየሄድኩበት መስጂድ ለሴቶች የሚሰጠው ቦታ መውጫው ከሁሉ የጠበበው ነው፤ ወይ ምድር ቤት ነው፣ ወይ ፎቅ ላይ በአንድ ቀጭን ደረጃ የሚወጣ ነው። ሕፃናቱ ያሉት እዚያ ነው፤ ጋሪዎቹ የሚቆሙት ደረጃው አፍ ላይ ነው። የድምፅ ማጉያው እዚያ ሲበላሽ ኢማሙ ምን እንዳሉ እንኳ አይሰማም። ወንዶች ፊት ለፊት በሰፊ በር እንወጣለን፤ እናቶቻችን ግን ጋሪ እየተሻገሩ። ይህ የገንዘብ ጥያቄ አይደለም፤ ጋሪን ወደ ሌላ ጥግ ማዞር ብር አያስወጣም።

ወንበር ላይ የሚሰግዱ አባቶችና እናቶች ከወንበራቸው ለመውረድ አይታገሉ። ባሉበት ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ማጅራታቸውን ይሸፍኑ። በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰው መጀመሪያ ጎማውን ይቆልፍ። ልጅ አጠገቧ ያለች እናት ልጁን ከሥሯ አድርጋ ትጎንበስ። ከመስኮት፣ የሙስሐፍ መደርደሪያ ካለበት ግድግዳና ከትልቁ መብራት ሥር ያሉ ሰዎች ጥቂት መዳህ ከቻሉ ይራቁ። ኢማሙ ማይክሮፎን ይዘው ስለሆነ ከሁሉ የሚሰማው የእርሳቸው ድምፅ ነው። «ባላችሁበት ዝቅ በሉ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ፣ አትሩጡ» የሚሉት ቃላት በዚያች ቅጽበት ከኹጥባው ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። መንቀጥቀጡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረጅም አይደለም፤ በ2001 የነበረው ወደ 40 ሰከንድ ነው የቆየው። ሲያቆም በእርጋታ፣ ከበሩ አጠገብ ያሉት ቀድመው፣ በመስመር እንወጣለን።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሳ ፈጣኑና ደካማው ሞገድ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሚያፈርሰው ዘግየት ብሎ ይከተለዋል። ሼክአለርት የተባለው ሥርዓት የመጀመሪያውን ሞገድ ለቅሞ፣ ሁለተኛው ሳይደርስ በስልክ ያስጠነቅቃል። በዋሺንግተን ስቴት ከሜይ 2021 ጀምሮ ለሕዝብ እየሠራ ነው። የምናገኘው ጥቂት ሰከንድ ቢሆንም ዝቅ ለማለት ይበቃል። እኛ ግን ጁሙዓ ላይ ስልክ እንዘጋለን፤ ደግሞም መዝጋት አለብን። በር ላይ የሚቆመው በጎ ፈቃደኛ ስልኩ ክፍት ቢሆንስ? አንድ ስልክ ይበቃል።

ቤት ውስጥና መንገድ ላይ

በር መቃን ሥር ቁሙ የሚለው የድሮ ምክር ነው። በጭቃ ቤቶች ዘመን ቤቱ ፈርሶ መቃኑ ብቻ ቆሞ ስለሚታይ የተወለደ ነው። በዛሬ አፓርታማ የበር መቃን ከሌላው ግድግዳ የተለየ ጥንካሬ የለውም፤ በሩም ራሱ እየተወዛወዘ ጣት ይቆርጣል። ተኝታችሁ ከሆነ አልጋው ላይ ቆዩ፤ በሆዳችሁ ተገልብጣችሁ ትራሱን ጭንቅላታችሁ ላይ አድርጉ። በጨለማ ተነስቶ የሚሮጥ ሰው ባዶ እግሩን የተሰበረ መስታወት ላይ ነው የሚቆመው። ለዚህ ሲባል ጫማና የእጅ ባትሪ ከአልጋ ሥር ይኑር። ለፈጅር የሚነሳ ሰው ለነገሩ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ምድጃ ላይ ጀበና ጥዳችሁ ከሆነ፣ እጃችሁ የሚደርስ ከሆነ አጥፉና ራቁ። የፈላ ነገር ያለበት ቦታ መቆም ከመንቀጥቀጡ ይልቅ ያቃጥላል። ካቆመ በኋላ ጋዝ ከሸተታችሁ ክብሪትም ማብሪያና ማጥፊያም ሳትነኩ ውጡና ከውጭ ያለውን የጋዝ መስመር በመፍቻ ዝጉ። ካልሸተታችሁ አትዝጉ፤ አንዴ ከተዘጋ መልሶ የሚከፍተው የጋዙ ድርጅት ባለሙያ ብቻ ነው። ሊፍት አይነካም። የውሃ ማሞቂያው በርሜል፣ ረጅሙ ቁም ሳጥንና ቴሌቪዥኑ ከግድግዳ ጋር በማሰሪያ ይታሰሩ። ይህንን ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ወንድሞች ተጋግዘው ይጨርሱታል።

ውጭ ያለ ሰው ውጭ ይቆይ፤ ወደ ሕንፃ አይግባ። በ2001 በፓዮኒር ስኩዌር አካባቢ ከአሮጌ ሕንፃዎች የረገፈው ጡብ የወደቀው መንገድ ዳር በቆሙ መኪኖች ላይ ነው። ሲያትል ውስጥ እንዲህ ያለ ብረት ያልገባበት የጡብ ሕንፃ ከአንድ ሺህ በላይ አለ። ብዙ ሱቆቻችንና ምግብ ቤቶቻችን ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ሕንፃ ውስጥ ሆናችሁ ሲንቀጠቀጥ ወደ ውጭ የሮጣችሁ እንደሆነ ጡቡ ከሚዘንብበት ሥር ነው የምትደርሱት።

ከመካከላችን በታክሲና በትራክ የሚተዳደረው ብዙ ነው። እየነዳችሁ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ፤ ከድልድይ፣ ከመሻገሪያ ሥር፣ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከትልቅ ዛፍ ራቁ፤ ፍሬን ይዛችሁ መኪናው ውስጥ ቆዩ። ባሕር ዳር ካላችሁና መንቀጥቀጡ ብርቱ ወይም ረጅም ከሆነ ማስጠንቀቂያ አትጠብቁ፤ እንዳበቃ በእግራችሁ ወደ ከፍታ ውጡ።

ከዚያ በኋላም የሚከተል አለ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023 ቱርክና ሶርያን ሌሊት በ10:17፣ በእነሱ ሰዓት 4:17፣ የመታው መጠኑ 7.8 ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ 7.5 የሆነ ሌላ መጣ። የተሰነጠቀ ሕንፃ ውስጥ ለፓስፖርትና ለወርቅ የሚመለስ ሰው ይህን ያስብ። የስልክ መስመር ስለሚጨናነቅ አትደውሉ፣ አጭር መልእክት ላኩ። ከከተማ ውጭ ያለ አንድ ዘመድ የሁላችሁ መገናኛ እንዲሆን አስቀድማችሁ ተስማሙ። የዋሺንግተን ስቴት ነዋሪዎቹን ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ምግብና ውሃ እንዲያስቀምጡ ይመክራል፤ ውሃው ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ነው። ለውዱእ አትስጉ፤ ያ ውሃ የመጠጥ ነው፣ ተየሙም አለልን።

ከአገር ቤት ሲደወል

ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ለወራት ሲንቀጠቀጥ፣ በፌብሩዋሪ 2025 መጠኑ 6.0 እስከ መድረስ ሲሄድ፣ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነስተዋል። ንዝረቱ አዲስ አበባም ይሰማ ስለነበር ስልካችን በውድቅት ሌሊት ይጮህ ነበር። «እንሩጥ ወይስ እንቀመጥ?» ነው ጥያቄው።

መልሱ እንደ ቤቱ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች እህት በደረጃ አትሩጥ፣ ከበረንዳም አትዝለል፤ ከላይ ያልኩትን ታድርግ። ገጠር በድንጋይና በጭቃ በተሠራ ቤት በሩ አጠገብ ያለ፣ ደጁም ሜዳ የሆነ ሰው ግን በሁለት እርምጃ መውጣት ከቻለ መውጣቱ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. በ1961 ካራቆሬና ማጀቴ ላይ የሆነውን የአካባቢው ሽማግሌዎች ያውቁታል፤ ማጀቴ ፈርሳለች ማለት ይቻላል። በ1969 ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ ፈርሳለች። በቀጭን እንጨትና በሰሌን የሚሠራው የአፋር አርብቶ አደር ቤት በአንጻሩ ቢወድቅም ሰው አይገድልም። ከአንዳንዱ ባለ ፎቅ ይልቅ እሱን አምነዋለሁ።

ባለ ፎቁ ብዙ ጊዜ የኛው ነው። እዚህ ሁለት ሥራ እየሠራን የምናስገነባው ጂ+2፣ ምድሩ ለሱቅ ክፍት ሆኖ ላዩ በብሎኬት የተዘጋ። ላዩ ከባድ፣ ታቹ ባዶ እግር ማለት ነው። በሎስ አንጀለስ አካባቢ በጃንዋሪ 17 ቀን 1994 ኖርዝሪጅ ላይ በአንድ አፓርታማ 16 ሰው የሞተው ምድሩ ለመኪና ማቆሚያ ክፍት ስለነበር ላዩ ስለተቀመጠበት ነው። ከተማዋ በ2015 ባወጣችው ሕግ እንዲህ ያሉ የእንጨት ሕንፃዎችን ባለቤቶቻቸው እንዲያጠናክሩ አስገድዳለች። የሐነፊ ፉቀሃዎች ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለ ዘመመ ግድግዳ ጽፈዋል፤ አፍርሰው ተብሎ የተነገረው ባለቤት ችላ ብሎት ወድቆ ሰው ቢገድል ተጠያቂው እሱ ነው። እኛ የዘመመውን ግድግዳ ገና ሳይዘም ነው የምናሠራው።

ስለዚህ ለፎርማኑ ስንደውል «ጣሪያ ደረሰ ወይ?» ብቻ አንበል። ስትራክቸራል ፕላኑን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈርሞበታል? የኮለኑ ስታፋ ከላይና ከታች ጫፉ ላይ ጠበቅ ብሎ ታስሯል? ጫፉስ ወደ ውስጥ ታጥፏል? አርማታው ከመሞላቱ በፊት የፌሮው ፎቶ ይላክልን። ፎቶው መጥቶ ካልገባችሁ ለእኔ ወይም ከጀመዓችን ላሉት ሌሎች ኢንጂነሮች አሳዩን፤ ማየቱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ለኮሚቴያችን የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው። የሚመጣው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ሁለት ደቂቃ ይሰጠን። ኢማሙ በማይክሮፎን ያዛሉ፣ ሁላችንም ባለንበት ዝቅ ብለን እጃችንን ማጅራታችን ላይ እናደርጋለን፣ ከዚያ በመስመር እንወጣለን። ማሰሪያና ብሎን እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ መደርደሪያዎቹን ለማሰር ሁለት ወንድሞች ይበቁኛል። ልምምዱን ከሴቶች ክፍል እንጀምር፤ ደረጃው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እህቶች በሰዓት ይለኩልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።